የድሮ የእጅ የመኪና ውድድር ጌም ስትገዙ መጀመሪያ ባትሪ ቤቱን ክፈቱ

የአሻንጉሊት አምራቹ የማቴል የእጅ ጌም፣ አውቶ ሬስ፣ የኪስ ካልኩሌተር ያክላል። በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲወጣ፣ አንድም የሚሽከረከር ክፍል ሳይኖረው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የመጀመሪያው የእጅ ጌም ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የማቴሉ ጆርጅ ክሎዝ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፈው የሮክዌል ኢንተርናሽናሉ ማርክ ሌሰር። ለሌሰር የተሰጠው ለካልኩሌተር የተሠራ ቺፕ ስለነበር ጌሙ ከነድምፁ ከ512 ባይት ባልበለጠ ቦታ ውስጥ መጠቅለል ነበረበት። ይህ የምታነቡት አንቀጽ ብቻውን ከዚያ የበለጠ ቦታ ይይዛል።

መኪኖቹ ቀያይ ሰረዞች ናቸው። ሦስት መስመርና አራት ማርሽ አለ። የእናንተ ሰረዝ ከታች ተነስታ፣ ከፊት የሚመጡትን እየሸሸች ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከተጋጨች ወደ ታች ትገፋለች። በ99 ሰከንድ ውስጥ አራት ዙር መጨረስ ነው። አጨዋወቱን ማወቅ ለገዢ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዷ ሰረዝ የራሷ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ስለሆነች አንዷ ከሞተች በዚያች ቦታ የሚያልፍ መኪና አይታይም። ጌሙ በርቶ፣ ድምፅ አሰምቶ፣ ደህና መስሎ ሳለ መኪናችሁ ባልታየ ነገር ትጋጫለች።

ስለዚህ ለመፈተሽ ስትሄዱ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ በኪሳችሁ ያዙ። የሻጩን ባትሪ አትመኑ፤ የደከመ ባትሪ ጤነኛውን ዕቃ የሞተ ያስመስለዋል። ከበራ በኋላ በአንደኛ ማርሽ ጀምሩና መኪናዋን በሦስቱም መስመር ለየብቻ አስኬዷት፤ ከታች እስከ ላይ ሰረዞቹ በተራ መብራታቸውን ተከታተሉ። ቁጥር የሚያሳዩትን ክፍሎች ደግሞ 8 ሲወጣ ጠብቋቸው፤ ሰባቱም ሰረዞች አብረው የሚበሩት 8 ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ማርሹን ከ1 እስከ 4 ደጋግማችሁ አመላልሱ። አንዴ እየያዘ አንዴ እየዘለለ ካስቸገረ አትደንግጡ። ተንሸራታቹ ማብሪያ ውስጥ ያለው ንክኪ ስለቆሸሸ ነው፤ ሁለት ጠብታ ኮንታክት ክሊነር ጠብ አድርጎ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲህ ወዲያ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። የሞተች ሰረዝ ግን ከዚህ ትለያለች። መለዋወጫዋ የሚገኘው ከሌላ አውቶ ሬስ ላይ ተነቅሎ ብቻ ነው። አንድ ሰረዝ የጎደለውን ዕቃ በመለዋወጫ ዋጋ እንጂ በጌም ዋጋ አልገዛም።

የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታጠበው፣ የሚበየደውና የሚቀየረው ርካሽ ነው፣ የማይተካው ውድ ነው። ዕድሜ ብቻውን ብዙ አይጨምርም። አውቶ ሬስ በብዛት የተሸጠ ዕቃ በመሆኑ እስከ ዛሬ በሰው ጓዳ ሞልቷል፤ የጠፋው ከነክዳኑ፣ ከነመመሪያው፣ ከነካርቶኑ ያለው ነው።

ባትሪ ቤቱ ከምንም በፊት ይከፈት ያልኩትም ለዚህ ነው። አልካላይን ባትሪ ለዓመታት ውስጥ ከተረሳ ያፈሳል። የሚያፈሰው አሲድ ይመስላቸዋል ብዙዎች፤ የአልካላይኑ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ። አየር ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ሆኖ ይደርቃል፤ መዳብ ሲነካ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። የሚያጠፋው አቼቶ ነው። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥቂት ነጭ አቼቶ ነክራችሁ ስትነኩት ትስስስ እያለ አረፋ ካወጣ የአልካላይን ፍሳሽ ነው ማለት ነው፤ አረፋው እስኪያቆም ቀጥሉ፣ በተጣራ ውኃ ጥረጉት፣ መጨረሻ ላይ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርቁት። አቼቶውን ሳይጠርጉ መተው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ቆይቶ ብረቱን ይበላዋል። የድሮዎቹ የካርቦን ዚንክ ባትሪዎች ፍሳሽ ግን ወደ አሲድ ስለሚያደላ ለእነሱ በውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚሆነው።

ከባትሪው ጋር የሚገጥመው ባለ ሁለት ቁልፍ ቆብ በጣም ርካሹ ክፍል ነው፤ ብዙ ጌም የሚሞተውም በእሱ ነው። ቆቡን በጣታችሁ ያዙና ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ በቀስታ ሳብ አድርጓቸው። ሽቦው እንደ ደረቅ ጭራሮ ከደረቀ፣ ፍሳሹ በፕላስቲኩ ሽፋን ውስጥ እየተሳበ ወደ ቦርዱ ሄዷል። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በፊሊፕስ ካቻቢቴ ፍቱ፤ አንዱ ብሎን አንዳንዴ በስቲከር ስር ስለሚደበቅ ፕላስቲኩን አታስጨንቁት። ሽቦውን ከቆቡ በኩል ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ላጡት። የሚያብለጨልጭ መዳብ እስክታገኙ ቁረጡ። እስከ ቦርዱ ድረስ ጥቁር ከሆነ ሙሉውን ቀይሩት፤ አዲስ ቆብ ከነሽቦው በማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቅ አለ። የድሮውን ሶልደር በፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ በሚያደርገው ቅባት) አርሱት፣ 350 ዲግሪ ገደማ በሞቀ የሶልደር ብረት ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነክታችሁ አንሱት። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የዚያ ዘመን ቦርድ ላይ ያለው የመዳብ መስመር ይነሳል። ቀዩ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ፤ ባትሪ ከማስገባታችሁ በፊት በቴስተር አረጋግጡ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት እንኳ ተገልብጦ ቢነካ ቺፑን ሊገድለው ይችላል፤ ያ ቺፕ ደግሞ ከማይተኩት ወገን ነው።

የቶሚ ዲጂታል ደርቢ በ1978 የወጣ ነው፤ ስሙ ዲጂታል ይበል እንጂ ውስጡ ሞተር፣ አምፖልና የሚሽከረከር ፊልም ነው። መሪና ማርሽ አለው፤ ፊልሙ ላይ የተሳሉት መኪኖች በአምፖሉ ብርሃን ወደ እናንተ ይመጣሉ። እኔ ከኤልኢዲዎቹ ይልቅ ይህን እመክራለሁ፤ ሁሉም ነገሩ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይጠገናል። ሞተሩ እየጮኸ መንገዱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ የጎማው ቺንጋ ነው። የዚያ ዘመን ቺንጋ ወይ ደርቆ ይበጠሳል ወይ እንደ ሬንጅ ቀልጦ መዘውሩ ላይ ይጣበቃል። የቀለጠውን በአልኮል ሙሉ በሙሉ አጽዱ፤ ቅሪቱ ላይ አዲስ ቺንጋ ከጫናችሁበት እሱንም ያሟሟዋል። አዲሱን የምትለኩት በአሮጌው ርዝመት መሆን የለበትም፣ አሮጌው ተለጥጧል። በመዘውሮቹ ዙሪያ ክር አዙሩና ርዝመቱን ለኩ፤ ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚያጥር ምረጡ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ሞተሩን ያደክመዋል፣ መንገዱም ይዘገያል። ፊልሙ ራሱ ከተቀደደ ወይም ቀለሙ ከለቀቀ ግን መፍትሔ የለውም፤ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ከ80ዎቹ ጀምሮ ሜዳው የኤልሲዲ፣ ማለትም እንደ ዲጂታል ሰዓት ያለ ስክሪን፣ ሆነ። የታይገር ኩባንያ በብዙ ዓይነት ያወጣቸው በሁለት ደቃቅ ባትሪ የሚሠሩ ጌሞች፣ ሶቪየት ኅብረት በኤሌክትሮኒካ ስም ያመረተችው አውቶስላሎም፣ ከዚያም በ90ዎቹ ዓለምን ያጥለቀለቀው ብሪክ ጌም። በብሪክ ጌም 10 በ20 ሜዳ ላይ ከካሬዎች የተሠራችው መኪና ስንቱን እንቅልፍ እንደነሳች የሚያውቅ ያውቃል። ለመሰብሰብ ግን ብሪክ ጌም ዋጋ የለውም፤ በየስሙ ተባዝቶ ዛሬም አዲስ ይመረታል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 9999 ጌምም ያው ጥቂት ጌሞች በፍጥነትና በደረጃ እየተለዋወጡ ሲቆጠሩ ነው። ልጆች ይጫወቱበት።

ኤልሲዲ ላይ ሦስት ሕመም አለ፣ ዋጋቸውም ይለያያል። ምስሉ ደብዝዞ ስክሪኑ ቡናማ ወይም የተቃጠለ ከመሰለ ብርሃን የሚያጣራው የላይኛው የፖላራይዘር ፊልም ነው፤ ፀሐይና ሙቀት የሚያደርጉት ነው። ተልጦ በአዲስ ይተካል። አዲሱን ከመቁረጣችሁ በፊት ጌሙን አብርታችሁ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ በአንድ አቅጣጫ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ 90 ዲግሪ ስታዞሩት ጥቁሩና ነጩ ይገለበጣል። ትክክለኛውን አንግል ምልክት አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለተኛው፣ መኪናው ግማሽ ጎን ሲጎድለው ወይም ከቁጥሩ መስመር ሲጠፋ፣ በቦርዱና በመስታወቱ መካከል ያለው ባለ መስመር ጎማ ቆሽሿል፤ በአልኮል ጠርጎ መመለስ ይበቃል። ሦስተኛው እንደ ፈሰሰ ቀለም ጠርዙ ላይ የሚታይ ጥቁር ጥላ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ፈሳሹ ወጥቷል። ተዉት።

የኒንቴንዶ የመጀመሪያው ጌም ቦይ (1989) ስክሪን ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ባዶ መስመሮች ካያችሁ ለዋጋ ድርድር ተጠቀሙባቸው እንጂ አትሽሹ። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው የሪባን ኬብል ሙጫ ስለለቀቀ ነው፤ ስክሪኑ በርቶ ሳለ የሶልደር ብረቱን በሪባኑ ላይ በቀስታ ማንሸራተት አብዛኞቹን መስመሮች ይመልሳል። የሴጋ ጌም ጊር ግን ሌላ ጣጣ አለው። ሱፐር ሞናኮ ጂፒን ይዞ በ1990 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የቀለም ስክሪኑ ድንቅ ነበር፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ክፍሎች) ግን ዛሬ በአብዛኛው ፈስሰዋል። ምስሉ በጎን ካልሆነ የማይታይ፣ ድምፁ ሹክሹክታ ከሆነ እሱ ነው። ካፓሲተሮቹ በሙሉ የተቀየሩለትን መግዛት፣ ስድስት ባትሪ እየበላ የሚያቃስተውን በርካሽ ከመግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ካርትሪጁ፣ ብዙዎቻችን ካሴት ወደምንለው እንለፍ። እዚህ ዋጋን የሚወስነው የጌሙ ጥሩነት የሚመስለው ሰው ይከስራል። ማሪዮ ካርት ሱፐር ሰርኪት (2001) በጌም ቦይ አድቫንስ ከወጡት የውድድር ጌሞች ሁሉ ተወዳጁ ነው፤ በሚሊዮኖች ስለተሸጠ ካሴቱ ብቻውን ብርቅ አይደለም። የኤፍ ዜሮ ክላይማክስ ካሴት በ2004 ጃፓን ውስጥ ብቻ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ጌም ቦይ አድቫንስ የአገር ቁልፍ ስለሌለው የጃፓኑ ካሴት በየትኛውም አገር በተገዛ ጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ይሠራል፤ ፈላጊውም ከጃፓን ውጭ ያለው ሁሉ ነው። የጌም ቦዩ ኤፍ ዋን ሬስ ደግሞ ካሴቱ በየቦታው አለ፤ አራት ሰው አንድ ላይ የሚያጫውተው አዳፕተርና ትልቁ ካርቶን አብረው ሲገኙ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቶፕ ጊር ፖኬት የሚንቀጠቀጥ ካሴት ነው፣ በውስጡ አንድ ቀጭን ባትሪ ይገባበታል። ሻጮች ይህን ይረሱታል። ክዳኑን ክፈቱ፤ ከላይ የጻፍኩት ነጭ ዱቄት እዚያም ይጠብቃችኋል።

የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴቶች በብዛት ይጭበረበራሉ። ሱፐር ሰርኪትን በምሳሌነት ያዙ። የአሜሪካው እትም ስቲከር ላይ የሚነበበው ኤጂቢ-ኤኤምኬኢ-ዩኤስኤ (AGB-AMKE-USA) ነው፤ የጃፓኑና የአውሮፓው መጨረሻ ላይ ይለያሉ፣ ስለዚህ የጃፓን ስዕል ይዞ የአሜሪካ ኮድ የለጠፈ ካሴት ራሱን አጋልጧል። ስቲከሩን ወደ መብራት አዘንብሉት፤ እውነተኛው ላይ በቀለም ሳይሆን በግፊት የታተመ ሁለት አሃዝ፣ አንዳንዴ ከአንድ ፊደል ጋር፣ ደብዝዞ ይታያል። ከታች በኩል በመክፈቻው ውስጥ ስታዩ ከወርቃማዎቹ ንክኪዎች በላይ ቦርዱ ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። የኋላው ብሎን ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ ተራ ፊሊፕስ ካያችሁ ቢያንስ አንድ ሰው ከፍቶታል። ቦርዱ ላይ ቺፑን የሸፈነ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ሲደመር ነው። የመጨረሻው ፈተና የሪከርድ ማስቀመጫው ነው፦ አንድ ሪከርድ ሥሩ፣ አጥፉት፣ ካሴቱን አውጥታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። ብዙ አስመሳይ ካሴት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሪከርድ መርሳት ሁልጊዜ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። እውነተኞቹም ካሴቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ሳንቲም የምታክል ሊቲየም ባትሪ አላቸው፣ እሷም ታልቃለች። የጌም ቦይ ካሴት በ3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ ይከፈታል፤ ባትሪዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር (ለምሳሌ ሲአር1616 ወይም ሲአር2025) አንብባችሁ ጆሮ የተበየደላትን ተመሳሳይ ግዙ። ተራ ባትሪ ላይ በቀጥታ ሶልደር አትሞክሩ፤ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌዋ ስትነሳ የተቀመጠው ሁሉ እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ እወቁ።

ዋጋ ስትተምኑ የሚጠየቀውን ተዉትና የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ ያለፉትን 90 ቀናት ያሳያል። ከእናንተ ዕቃ ጋር በሁኔታው የሚመሳሰሉትን ብቻ ሰብስቡ፤ ካርቶን ያለውን ከሌለው ጋር አትደምሩ። እንበልና አምስት ሽያጭ 22፣ 35፣ 38፣ 41 እና 90 ዶላር ሆነው አገኛችሁ። ዳርና ዳር ያሉትን ጣሉ፣ መሃሉን 38ን ያዙ። ከዚያ የጎደለውን ቀንሱ፤ ክዳን ከሌለው ክዳን ብቻውን የተሸጠበትን፣ ቆቡ ከተበላ የቆቡንና የሥራችሁን፣ ከዚያ የመላኪያውን። የቀረው ጣሪያችሁ ነው። «አልተሞከረም» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ «አይሠራም» ብላችሁ አንብቡት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በየሱቁ በሚገኝበት አገር ሻጩ ሳይሞክር ይቀራል ብሎ መገመት ይከብዳል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ለምታመጡ አንድ ነገር። የእነዚህ ጌሞች የድሮ አዳፕተር ውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው ነው፤ የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ነው። 220 ቮልት ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ጌሙንም ይዞ ይሄዳል። ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የመጣው በዚህ በኩል ችግር የለበትም። አዳፕተሩን ለስብስቡ ሙሉነት አስቀምጡት፣ ለመጫወት ግን ባትሪ ተጠቀሙ። ሌላ አዳፕተር የግድ ካስፈለገ ቮልቱ ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም፤ የመሃሉ ቀዳዳ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ስቲከሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ለምሳሌ 6 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፣ ከብዙዎቹ የዛሬ አዳፕተሮች ተቃራኒ።

ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ የማንጣት ልማድ አለ። እኔ አልስማማበትም። ለጊዜው ያምራል፤ በኋላ ተመልሶ ይቢጫል፣ ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ የታተመው ጽሑፍም ሊለቅ ይችላል። በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አጥባችሁ ቢጫውን ተዉለት።

ስታስቀምጡ ባትሪ ሁሉ ይውጣ። ክዳኑን በላስቲክ አትሰሩት፤ ላስቲኩ ቀልጦ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። ለስላሳ የቪኒል ከረጢት ውስጥም አትክተቱ፣ ዓመታት ሲቆይ ከጌሙ ገላ ጋር ይጣበቃል። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ሲሊካ ጄል ጨምራችሁ፣ ፀሐይ ከማይመታው መደርደሪያ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ስክሪኑ ላይ ምንም አይደራረብ። በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ አዲስ ባትሪ አስገቡ፣ ማርሹን ከ1 እስከ 4 አመላልሱ፣ አራቱን ዙር ጨርሱ፣ ባትሪውን አውጡ።